የዳካታ መንገድ

ወንድሜ መሞቱን እኔና እህቴ የሰማነው ጥር ላይ ነው። አባታችን የሰማው ከፋሲካ በኋላ ነው። በመሐሉ ባሉት ወራት ሦስታችን ወደ በረሃ የምንሄድበትን ጉዞ ስናቅድ ከረምን።

ወሬውን ያመጣው ከወንድሜ ጋር አንድ ምሽግ የነበረ ወታደር ነው። በክራንች እየሄደ እህቴ ድሬሰር ሆና ወደምትሠራበት ክሊኒክ መጣ። ቁስል ሊያሳጥብ የመጣ መስሏት «ወረፋ ያዝ» አለችው። ያዘ። ተራው ሲደርስ ገባ፣ ነገራት፣ ይቅርታ ጠይቋት ወጣ። ከጦሩ የመጣ ወረቀት አልነበረም። በዚያን ጊዜ ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ ከሰው በኋላ ነበር የሚደርሰው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም።

የዚያን ዕለት ማታ እህቴ ከቤት ጠርታ አጥሩ ጋ ወሰደችኝ። ቤታችን ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ነበር፤ ከኛ ቀጥሎ ጥቂት ቤቶች አሉ፣ ከዚያ ወዲያ ማሳ ነው። ቦሌ የኖረ ሰው አውሮፕላን ሲያልፍ ንግግሩን ማቆም ይለምዳል። ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። «ወንድምህ» ብላ ጀመረች፤ አውሮፕላን መጣ፤ ዝም አለች። እኔም እንደ ልማዴ ቀና ብዬ ሆዱ ሥር ያሉትን መብራቶች አየሁ። አንዱ አይበራም ነበር። ከዚያ «የለም» አለች።

የተሰማኝን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። በዚያን ዘመን ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ግጥም እጽፍ ነበር። ያስተማረኝ የለም፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮችና ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ የለቀምኩት ነው። ስለ ዝናብም ሆነ ስለማላውቃት ሴት ስጽፍ እጄ ይፈጥን ነበር። ስለዚህ ግን ምንም አልመጣም። ከዚያ ምሽት የቀረኝ ያ የማይበራ መብራት ነው።

«አባባ እንዳይሰሙ» አለች እህቴ። «በዚህ ደም ግፊታቸው ከነገርናቸው ሁለት ለቅሶ እንቀመጣለን።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪወርድላቸው።»

ከዚያ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ገባችና ለአባታችን እራት አቀረበች። እኔም ገብቼ በላሁ። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር፤ አባቴ ቀልዶ «ጨው ረክሷል እንዴ?» ሲላት ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሠራው አየር ማረፊያው ጉምሩክ ውስጥ ነው። ሥራው የመንገደኛ ሻንጣ ፈትሾ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ከሮምም ከናይሮቢም የመጣ ሻንጣ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሮ፣ እሱ ራሱ ከናዝሬት አልፎ አያውቅም። ጡረታ ከወጣም በኋላ ኪሱ ጠመኔ አያጣም። ቤት ውስጥ አይቶ ደህና ነው ያለው ነገር ላይ ሁሉ መስቀል ያሰምርበታል፤ የዱቄቱ በርሜል ላይ፣ የላምባው ጣሳ ላይ። አንድ ቀን ተኝቼ ስነሣ ጫማዬ ሶል ላይ አድርጎበት አገኘሁ።

በረሃውን ልቡ ውስጥ የከተተው ወንድሜ ነው። በፈቃድ የመጣ ጊዜ፣ ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ከባቢሌ አለፍ ብሎ ስላለ ዳካታ ስለሚባል ቦታ አወራልን።

«ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሟል። ትንሹ ከታች፣ ትልቁ ከላይ። አሁን ወደቀ ትላላችሁ፤ አይወድቅም።»

«ማን አቆመው?» አለ አባቴ።

«ማንም። ነፋስ ነው የጠረበው።»

«ነፋስማ ያፈርሳል እንጂ ያቆማል እንዴ!»

«እንግዲያው መጥተው ይዩት። ካምፓችን ከዚያ ሩቅ አይደለም። አይተውት ሲጨርሱ እኔ ጋ ምሳ ይበላሉ።»

ወንድሜ ተመለሰ፤ አባቴ ማቀድ ጀመረ። አንድ አሮጌ ቮልስ ነበረችን፤ አገር ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ የተገዛች፣ ቀለሟ እንደ ደረቀ አተር የሆነ። ሞተሯ ውሃ አይፈልግም፤ ለአባቴ ይህ ብቻውን ለበረሃ እንደተፈጠረች ማስረጃ ነበር። ነዳጅ ማደያዎች ድሮ በነጻ ይሰጡት የነበረ የመንገድ ካርታ ከአንድ የሥራ ባልደረባው አገኘና ግድግዳ ላይ መታው። ቤንዚን በኩፖን ነበር። በየወሩ የሚደርሰንን ሞልቶ ይመጣና በጎማ ቱቦ እየሳበ ጀሪካን ውስጥ ይገለብጠዋል። እሱ ግን የትም ቢሄድ በእግሩ ነው። ጀሪካኖቹ የሚቀመጡት አልጋው ሥር ነበር። እንጀራው ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይል ጀመር።

«አባባ፣ አንድ ቀን ክብሪት ሲጭሩ ከነቤቱ ዳካታ እንደርሳለን» ትለው ነበር እህቴ።

«ደግ ነዋ። የመንገዱ ይተርፋል።»

ይህን የሚባባሉት ወንድሜ በሕይወት በነበረበት ጊዜ ነው። ከጥር በኋላም ተባባሉት፤ ቃል በቃል፤ እህቴ የፊቱን ቀልድ እየደገመች።

እህቴ ዓርብ ዓርብ ከክሊኒኩ የግፊት መለኪያ ተውሳ ትመጣለች። ወሬውን ከሰማን ወዲህ ባለችው የመጀመሪያዋ ዓርብ ስትለካው ከፍ ብሎ ነበር። በሚቀጥለው ዓርብም እንደዚያው። ከዚያ አንድ ዓርብ ክንዱ ላይ የጠቀለለችውን ጨርቅ ፈታችና እንደገና ጠቀለለችው። እንደገና ለካችው።

«ወርዷል» አለች። «ዛሬ ምን ሲሠሩ ዋሉ?»

«ምን እሠራለሁ? ይህን ታናሽ ወንድምሽን መንገድ ሳስተምረው ነዋ የዋልኩት።»

ኩሽና ውስጥ ለብቻችን ስንሆን እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆመች። «ጉዞው ነው» አለችኝ። «ስለ ጉዞው ሲያወሩ ይወርዳል። እንግዲህ አውራ።»

ስለዚህ አወራሁ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሞቱን እንዲችለው ደሙ መውረድ አለበት፤ ደሙ እንዲወርድ ወደ ልጁ እየሄደ ነው ብሎ ማመን አለበት። ደግሞም ሳይነገረው ከተነሣን፣ መርዶውን የሚሰማው አንድ የማያውቀው ዘበኛ ከካምፕ በር ላይ የልጁን ስም መዝገብ ውስጥ ፈልጎ ሲነግረው ነው፤ ዘመድ በሌለበት፣ ምንጣፍ በሌለበት፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ። እህቴ ሌሊት የሚያባንናት ያ በር ነበር። እኔን የሚያባንነኝ ነገር አልነበረም። እተኛ ነበር።

ማታ ማታ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ እንቀመጥና ይጠይቀኛል።

«ከናዝሬት ቀጥሎ?»

«ወለንጪቲ።»

«ከዚያስ?»

«መተሐራ።»

«መተሐራ ምን አለ?»

«በሰቃ ሐይቅ። ጥቁር ድንጋዩ። ፈንታሌ ተራራ።»

«ድንጋዩ ለምን ጠቆረ?»

«ቀልጦ የፈሰሰ ነው።»

እንዲህ እያልን የአዋሽን ፏፏቴ፣ ዘንባባ መሐል የሚፈላውን ፍልውሃ፣ ሚኤሶን፣ አሰበ ተፈሪን እናልፋለን። ከዚያ ድሬዳዋ፣ አጠገቧ ያለው የጥንት ሰዎች ከብት የሳሉበት ዋሻ፣ የሐረር ግንብ፣ ዝሆን ያለበት ባቢሌ። እኔ ዳካታ ስል ጥያቄው ያበቃል። «ከዳካታ ቀጥሎ?» ብሎ አይጠይቀኝም፤ የመጨረሻዋ የራሱ ነበረች። «ከዚያ ልጄ» ይልና ጉልበቱን መታ አድርጎ ይነሣል።

እውነት ለመናገር እኔም መሄድ እፈልግ ነበር። ከከተማ ወጥቼ አላውቅም። የቦታዎቹን ስም ብቻዬን ሆኜ ስደግማቸው ቤት ይመቱልኝ ነበር። ወንድሜ የሌለበትን መንገድ እንዲህ መመኘቴ ሊከብደኝ ይገባ ነበር። አልከበደኝም። ምንም ነገር አይከብደኝም ነበር፤ ሁሉም ነገር እኩል ክብደት ነበረው።

ሾፌሩ እኔ ነበርኩ። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፤ እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። በነዳጅ ቁጠባው የኛ ታርጋ እንዲነዳ በሚፈቀድበት እሑድ ወደ ሳሊተ ምሕረት በሚወስደው የእርሻ መንገድ ይዞኝ ይወጣና ኮረኮንች ያለማምደኛል።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ! ቀስ ነው ያልኩህ! እንቁላል ረግጠህ አታውቅም?»

«እንቁላል ማን ይረግጣል አባባ?»

«አንተ። አሁን።»

አንድ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ገብተን ቆምን። በሁለቱም በኩል የታጨደ የስንዴ ማሳ ነው፤ ሩቅ ላይ አንድ ሰው ከብት ይነዳል። አባቴ አልተቆጣም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አቧራውን ተመለከተና «እንዲህ ይሆን በረሃው?» አለኝ። ፊቱ እንደ ሕፃን ነበር። መሪውን ይዤ የጣቶቼን ጥፍሮች አየሁ። ሊነግሩት የሚገባበት ሰዓት ቢኖር ያ ነበር፤ ግን ለመንገር የሚያስፈልገው ነገር እኔ ውስጥ አልነበረም። ማርሹን ወደ ኋላ አስገብቼ ወጣሁ።

ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። አብሬው ሄድኩ። ጸሐፊው ከወንድሜ ጋር ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ያደገ ነው።

«የጉዞው ምክንያት?» አለ ወረቀቱን እያየ።

«አገር ለማየትና ልጄን ለመጠየቅ።»

ጥግ ላይ ጠመንጃውን ታቅፎ የተቀመጠው አብዮት ጠባቂ ሳቀ። «አባባ፣ አገሩ እኮ ከዚህም ይታያል።»

«ከዚህ የምትታየው አንተ ነህ» አለው አባቴ።

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ጸሐፊው ብቻ አልሳቀም። ጻፈ፣ ማኅተሙን አሳረፈ፣ ከዚያ ከወንበሩ ተነሥቶ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠው። የቀበሌ ጸሐፊ ለማንም አይነሣም። እንደሚያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ወሬው ከክሊኒኩ ወረፋ ወጥቶ ቤት ለቤት ሄዶ የኛን ቤት ብቻ ዘሎ ነበር። መርዶ ያልተነገረው ሰው ፊት አይለቀስም፤ ስለዚህ ሰው በልቅሶ ፈንታ ዕቃ ያመጣ ጀመር። መፍቻ እንኳ አውሶን የማያውቅ ጎረቤታችን አዲስ ስኮርታ እየገፋ መጥቶ «በረሃ ላይ ጎማ ይፈነዳል፤ ይያዙት» ብሎ አስቀመጠ። ከኋላችን ያሉት ሴትዮ አንድ ከረጢት ድርቆሽ አመጡና በር ላይ አስቀምጠው ሳይቀመጡ ሄዱ። ሌላው ገመድ፣ ሌላው የወታደር ኮዳ። አባቴ እያንዳንዱን አገላብጦ ያያል፣ የጠመኔ መስቀሉን ያሰምርበታል።

«ሰዉ ዘንድሮ ምን ሆኗል?» አላት እህቴን።

«ፋሲካ ስለደረሰ ይሆናል።»

«ፋሲካማ አምናም ነበር።»

እህቴ ድስቱን ከሚገባው በላይ አማሰለችው። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀም።

የእድራችን ዳኛ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ አናጢ ናቸው። ነገሩን ከጥር ጀምሮ የያዙት እሳቸው ነበሩ። ሁዳዴ ሲያልቅ እህቴ ጋ መልእክት ላኩና ሁለታችንም ቤታቸው ሄድን።

«ደማቸው እንዴት ነው?» አሏት።

«ካየሁት ሁሉ ዝቅ ያለው አሁን ነው።»

«እንግዲያው ይበቃል። በዓሉ አይታወክባቸው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ እንመጣለን።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እንዳትሞክር። ልጅ አባቱን አያረዳም። ዝም ብለህ በሩን ክፈትልን።»

ጉዞው ለዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነበር የተያዘው፤ ስለዚህ ቀኑ ተስማማን። እሮብ ማታ ግን እህቴ ለነገው ብላ መለኪያውን ቀድማ ተውሳ ግፊቱን ለክታው ስትጨርስ አባቴ እጅጌውን እየዘረጋ ተነሣ።

«ነገ ጠዋት እንሄዳለን።»

«ቅዳሜ አላሉም እንዴ?» አለች።

«ሰማዩን እይው። ዝናብ ሊገባ ነው፤ የዝናብ በረሃ ምን ያደርግልኛል? ለጎረቤቶቹም ነግሬአለሁ።»

እህቴ ጨው ጎደለ ብላ ወጥታ ዳኛው ጋ ሄደች። ስትመለስ ያሉትን በሹክሹክታ ነገረችኝ። «ምንም አይደል፤ መኪናው ከግቢ ሳይወጣ እንደርሳለን።»

የሰዓት እላፊው ጎህ ሲቃረብ ነበር የሚነሣው። ከዚያ በፊት አባቴ ከግቢ መውጣት አይችልም፤ እነሱም ከቤታቸው መውጣት አይችሉም። ሁሉም ያችኑ ሰዓት ይጠብቅ ነበር።

አባቴ የጉምሩክ ካፖርቱን ለብሶ ነበር፤ አዝራሮቹ ሳይቀር ተወልውለዋል። ስኮርታው፣ ድርቆሹና ጀሪካኖቹ ጣሪያዋ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ተጭነዋል። ገመዱን ለማጥበቅ ብርሃን ፈለገና «አስነሣት፤ ትሙቅ። መብራቱንም አብራልኝ» አለኝ። መሪው ላይ ተቀምጬ አስነሣኋት። የቮልስ ሞተር ግቢውን ሞላው። በሩን አስቀድሜ ከፍቼው ነበር።

መጡ። ዳኛው ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፤ በሩን አልፈው ቀጥታ የመኪናው መብራት ውስጥ ገቡ። ነጭ በነጭ ነበሩ።

አባቴ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ኧረ እናንተ! ለኔ ብላችሁ ነው በዚህ ብርድ?»

ሊሸኙት የመጡ መስሎታል፤ ለምን አይመስለው? ለሁሉም ነግሯል፣ ሁሉም ለመንገዱ አዋጥቷል። ወደ ቤት ዞሮ ተጣራ። «አንቺ! ዳቦው ይቆረስ፤ ሸኚዎች መጡ!» ከዚያ የዳኛውን እጅ ይዞ ወደ መኪናው ሳባቸው። «ይኸው፣ ያንተን ገመድ ነው ያሰርኩበት። ስንደርስ ለልጁ እነግረዋለሁ፤ ጋሼ ዳኛ ነው ያሰረን እለዋለሁ።»

ዳኛው እጃቸውን አላስለቀቁም። አናጢ ናቸው፤ ጣታቸው እንደ እንጨት ነው።

ከኋላ የቆሙት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ጥለቱ ፊታቸው ጋ ደርሷል። ለመሸኘት የሚመጣ ሰው እንደዚያ አይለብስም። አባቴ አየው። መጀመሪያ አንዷን፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን፣ ድርቆሽ ያመጡትን ሴትዮ። ሻንጣ የሚፈትሽ ሰው እንደሚያደርገው በተራ አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አጥፋው» አለኝ።

መብራቱን መሰለኝ። መብራቱን አጠፋሁ። ግቢው ጨለመ፣ ሞተሩ መጮኹን ቀጠለ። በጨለማው ውስጥ ነጫጩ ነገር ሲጠጋ አየሁ፤ የሚባባሉትን አልሰማሁም። ቆይቶ ነው እሱ ያለኝ ሞተሩን መሆኑ የገባኝ። ቁልፉን ዞር አደረግሁት። ድምፁ ሲቆም ተነግሮት አብቅቷል። የእህቴ ጩኸት ከበር ላይ ወጣ፤ ከጥር ጀምሮ የያዘችው ጩኸት።

አባቴ አልወደቀም። ካፖርቱን እንደለበሰ ሴቶቹ ባነጠፉት ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ።

ድንኳን ሊተክሉ ሲመጡ ወጣቶቹ መኪናዋን ወደ ውጪ ሊገፏት ያዟት። «ተዋት፤ እዚያው ትቁም» አለ። ስለዚህ ድንኳኑ በላይዋ ተተከለ። ቮልሷ እንደተጫነች መሐል ላይ ቆማ፣ ሰው ዙሪያዋን ተቀመጠ። አስከሬን የለም፤ መቃብር የለም። ደረት የሚመቱት ሴቶች ወደ እሷ ዞረው ነበር የሚመቱት። አልቃሿ ስለ ዳካታ ማን እንደነገራት እንጃ፣ ስለቆመ ድንጋይ ግጥም አወጣች። ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እኔ ቤት የማይመታውን ስንኝ ለየሁ። ከዚያ የኋላ ጎማው ላይ የተጣበቀውን የስንዴ ገለባ አየሁ፤ ከዚያ የእርሻ መንገድ የመጣ ነው። እስኪመሽ ድረስ እሱን ሳይ ዋልኩ።

ከሰልስት በኋላ ድንኳኑ ተነሣ። ዕቃውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ቤንዚኑን መልሼ ታንከሩ ውስጥ ገለበጥኩት፤ አባቴ አልጋው ሥር ማየት አልፈለገም። እህቴ ዓርብ ለካችው። «እንዳለ ነው» አለችኝ። ሐሳባችን ሠርቶ ነበር። ሁለታችንም ስለ እሱ አላወራንም።

አንድ ምሽት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አባቴ መጥቶ ጎኔ ተቀመጠ።

«ከናዝሬት ቀጥሎ?» አለ።

«ወለንጪቲ።»

«ከዚያስ?»

መተሐራን፣ አዋሽን፣ ፍልውሃውን አለፍን። ድምፁ እንደ ድሮው ነበር። ድሬዳዋ፣ ዋሻው፣ ሐረር፣ ባቢሌ። «ዳካታ» ስል አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ ሁለታችንም ዝም አልን። ድምፁ ራቀ። ተራው የሱ ነበር። ጠበቅኩት። ጉልበቱን አልመታም።

«ድንጋዩ አይወድቅም ነው ያለው፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ አባባ።»

«ነገ ጎማውን ለሰውዬው መልስለት።»

በማግስቱ ስኮርታውን እየገፋሁ ወሰድኩ። የጠመኔው መስቀል በየዙሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ መሬት ይነካል፣ እንደገና ይወጣል። ጎረቤታችን በር ላይ ሲያየኝ «ምን አስቸኮላችሁ፤ እናንተው ጋ ይቆይ እንጂ» አለ።

«አባባ መልስ ብለውኝ ነው።»

ጎማውን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። መስቀሉን በመዳፉ ሊጠርገው ጀመረና ተወው።